የአባቴ የጦር ጓድ፣ የኮሪያ ዘማቹ ሃምሳ አለቃ አረፉ፤ የሕይወት ታሪካቸው ላይ ምን ልጻፍ?

ጡረተኛው መምህር፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከአባቴ ጋር በቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የዘመቱት ሃምሳ አለቃ በቅርቡ አርፈው ቀብራቸው ተፈጽሟል። ስማቸውን ቤተሰቡ እስኪፈቅድ እዚህ አላወጣም። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ እያልኩ ነው ያደግኩት፣ እናንተም እንደዚያው ያዙልኝ። ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪክ ተብሎ የተነበበው ግማሽ ገጽ የማይሞላ ነገር ነው። የትውልድ ዘመን፣ የልጆችና የልጅ ልጆች ቁጥር፣ «አገራቸውን በታማኝነት አገልግለዋል»፣ አለቀ። ለአርባቸው ደህና ተደርጎ እንዲጻፍ ልጆቻቸው እኔን ጠየቁኝ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ሁለቱን አብሮ የሚያውቅ ከእኔ በቀር ብዙ ሰው አልተረፈም።

አባቴና ጋሼ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ። ኮሪያ የተመደቡት መገናኛ ክፍል ነው። ሥራቸው የስልክ ሽቦ መዘርጋትና መጠገን። ከሻለቃው ማዘዣ እስከ ፊተኛው ምሽግ መሬት ለመሬት የተዘረጋ ሽቦ አለ፣ መድፍ በወደቀ ቁጥር ይበጠሳል። ከተበጠሰ ፊት ያለው ሻምበል ድምፁ ይጠፋል። መድፉ ወዴት ይተኮስ የሚል የለም፣ ቁስለኛ አንሱልን የሚል የለም። ያኔ ሁለት ሰው ይወጣል። ሌሊት ነው፣ መብራት አይበራም። አንደኛው ሽቦውን በመዳፉ ውስጥ እያሳለፈ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ጠመንጃ ይዞ ይከተለዋል። መዳፉ ባዶ ሲቀር የተበጠሰበት ቦታ ደረሰ ማለት ነው። ከዚያ ሌላውን ጫፍ በረዶ ውስጥ በዳበሳ መፈለግ ነው፤ ፍንዳታው ወስዶ የት እንደጣለው አይታወቅም። ሲገኝ ሁለቱን ጫፍ ልጦ ማጣመር፣ ይኼ ደግሞ በጓንት አይሆንም። ጣት ባዶውን መሆን አለበት። ካጣመሩ በኋላ የያዙትን የመስክ ስልክ ሰክተው ወደ ኋላ «ሃሎ»፣ ወደ ፊት «ሃሎ» ይላሉ። ከሁለቱም ወገን መልስ ሲመጣ ይመለሳሉ፣ ብዙ ጊዜ ሳይመለሱ ሌላ ቦታ ይበጠሳል።

ሽቦ ያዡ አባቴ ነበር፣ ጠመንጃ ይዘው የሚከተሉት ጋሼ። አባቴ ከዚህ ውስጥ አንዷን ቃል ነግሮኝ አያውቅም። እኔ የማውቀው ሸሚዙን ጠዋት ጠዋት እናቴ ስትቆልፍለት ነው። የጣቶቹ ጫፍ አይሰማውም ነበር። ለምን እንደሆነ የነገሩኝ ጋሼ ናቸው፣ ያውም አባቴ ካረፈ በኋላ።

ሁለተኛው ነገር ይኼ ነው። በታኅሣሥ 1953 ክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክር ጋሼ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ከዘመተው ጦር ጋር ኮንጎ ነበሩ። አባቴ አዲስ አበባ ነበር። ሙከራው ሲከሽፍ ከታሰሩት አንዱ ሆነ። ተራ ወታደር ነው፣ ውጣ ሲሉት ወጣ፤ በማን ላይ እንደወጣ ያወቀው ዘግይቶ ነው። ያን ጊዜ የክብር ዘበኛ ቤተሰብ በር ላይ መታየት ማንም አይፈልግም። ዘመድ እንኳ በሩቁ ነው ሰላም የሚለን። ጋሼ ከኮንጎ እንደተመለሱ መጡ። ዩኒፎርማቸውን ለብሰው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየ። አባቴ እስኪፈታ ድረስ ደመወዝ በወጣ ቁጥር ለእናቴ ብር ያደርሱ ነበር፣ እኔን እጄን ይዘው ትምህርት ቤት ያስመዘገቡኝም እርሳቸው ናቸው።

አሁን ወደ ችግሬ። የልጅ ልጃቸው የሠራው ረቂቅ ደርሶኛል። «በመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ዘምተው፣ በ253 ውጊያዎች ተሳትፈው፣ በፖርክ ቾፕ ኮረብታ ጠላትን ደምስሰው» ይላል። ጋሼ እንዲህ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ሽቦው ደግሞ አንድ መስመር የለም። ከዚህ በላይ የቤተሰቡ ግማሽ «የ1953ቱን አታንሳ፣ ለቅሶ ላይ ፖለቲካ አያስፈልግም» ብሎኛል። የምታውቁ ምከሩኝ።

የፒያሳዋ፦

ነፍሳቸውን ይማር፣ ለእርስዎም ለቤተሰቡም መጽናናቱን ይስጥልን ጋሼ። የሽቦውን ነገር ሁለቴ አነበብኩት። ሰው ኮሪያ ዘመተ ሲባል ሁልጊዜ የማስበው ተኳሹን ነበር። ሌላውን ረጋ ብዬ እመለስበታለሁ።

ባለ ጥያቄ፦

ነፍስ ይማር። ግን ጋሼ፣ ለምን ይቀነሳል? 253 ጊዜ ተዋግተው 253 ጊዜ ማሸነፋቸው የትም ቦታ ተጽፎ ያለ ነገር ነው። ጀግና ሰው ሲሞት ከፍ ተደርጎ ነው የሚወራው። እኛ ጀግኖቻችንን ስናሳንስ ነው እንጂ ሌላው አገር እኮ ፊልም ይሠራላቸው ነበር።

መዝገብ ቤት፦

ለባለ ጥያቄ፦ ቁጥሩ የሚነገረው ለመላው የቃኘው ጦር ነው፣ ለአንድ ሰው አይደለም። አንድ ሻለቃ ኮሪያ የሚቆየው አንድ ዓመት ገደማ ነበር። እስቲ ራስህ አካፍለው፤ 253 ውጊያ በአንድ ዓመት ማለት በሳምንት አምስት ነው። ከለቀስተኛው መካከል አንድ የቆየ ወታደር ቢገኝ እዚያው ይስቃል፣ ሟቹ ላይ የሚስቅ ይመስላል።

ለመምህር፦ በቅድሚያ መጽናናቱን ይስጥዎት። እርግጡን ላስቀምጥና ከዚያ ሟቹ የት እንደሚገቡ እንፈልግ።

ቃኘው ስሙን ያገኘው ከራስ መኮንን ፈረስ ነው። ሻለቃዎቹ የተውጣጡት ከክብር ዘበኛ ነው። የመጀመሪያው በሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ሄደ፣ በዚያው ወር መጨረሻ ቡሳን ገባ። አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ነበሩ። ሁለተኛው በ1944 ሄዶ ተካው፣ አዛዡ ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ። ሦስተኛው በ1945፣ በሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ አዛዥነት። የተኩስ አቁሙ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ተፈረመ። ከዚያ በኋላም አራተኛና አምስተኛ ቃኘው ሄደዋል፣ እነዚያ ግን ጦርነቱ ላይ ሳይሆን ሰላሙን ለመጠበቅ ነው። ሁሉም የተመደቡት በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ 32ኛ ሬጅመንት ሥር ነበር።

በጦርነቱ ውስጥ ያለፉት የሦስቱ ሻለቃዎች ቁጥር 3,518 ነው፣ በኋላ የሄዱትን ጨምሮ 6,037። የቆሰሉት 536። የሞቱት በአንዳንዱ ዝርዝር 121፣ በአንዳንዱ 122 ተብሎ ታትሟል። የተማረከ አንድም የለም፣ ይኼን ማንም አይከራከርበትም።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። ሟቹ አዛዣችን ማን ነበር ይሉ ነበር? ከሄዱ በኋላስ ክረምቱን በረዶ ላይ አሳልፈዋል ወይስ ሲደርሱ ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ቆመ?

ጡረተኛው መምህር፦

እግዜር ይስጥልኝ። አዛዣቸውን ሲያነሱ «ኮሎኔል አስፋው» ነው የሚሉት፣ በዚህ አልጠራጠርም። በረዶውንም ሙሉውን ነው ያሳለፉት። እንዲያውም ከሁሉ የሚያስታውሱት እርሱን ነው። ሽቦው እጅ ላይ ሲጣበቅ ቆዳ ይዞ ነው የሚሄደው ይሉኝ ነበር። ሊመለሱ ሲሉ «ሦስተኛዎቹ መጥተው ተቀበሉን» የሚል ቃልም ከአፋቸው ሰምቻለሁ።

መዝገብ ቤት፦

እንግዲያው ሁለተኛው ቃኘው ናቸው፣ አባትዎም እንደዚያው። የመጀመሪያው የሚለው ይውጣ።

ፖርክ ቾፕ የሚለውም ይታይ። በዚያ አካባቢ ኢትዮጵያውያኑ ስማቸው የሚነሳበት ትልቁ ውጊያ ዮክና አንክል በሚባሉት የፊት ጥበቃ ኮረብቶች ላይ ግንቦት 1945 የተደረገው ነው። ያን የተዋጋው ሦስተኛው ቃኘው ነው። ሁለተኛው በዚያን ጊዜ አስረክቧል። ሟቹ ሁለቴ ዘምተው ከሆነ ሌላ ነገር፣ ማስረጃ ካለ ይግባ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰዉ ሁለተኛውን ቃኘው ትንሽ አሳንሶ ነው የሚያየው። የመጀመሪያው ሲገባ ጦርነቱ ገና ይንቀሳቀስ ነበር። ኮረብታ ይያዛል፣ ኮረብታ ይለቀቃል፤ 602፣ 700 እየተባሉ የሚጠሩት ቦታዎች ላይ ያደረገው ውጊያ ለወሬ ይመቻል። ሁለተኛው የደረሰው ግንባሩ ቆሞ ሁለቱም ወገን መሬት ቆፍሮ ከተፋጠጠ በኋላ ነው። ቀን መድፍ፣ ሌሊት ቅኝትና ደፈጣ። እንዲህ ያለ ጦርነት ሙሉ በሙሉ በስልክ ሽቦ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ መምህር፣ የሽቦው ታሪክ ከፖርክ ቾፕ አያንስም። በእርስዎ ቦታ ብሆን ሌላውን ሁሉ አሳጥሬ እርሱን አስረዝም ነበር።

ባለ ባቡር፦

አያቴ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። ወታደሩ ሲሸኝ ለገሃር ላይ የነበረውን ሰው ብዛት ሲያወራ አይጠግብም ነበር። እናት ልጇን «ኮሪያ የት ነው?» ብላ ትጠይቃለች፣ ልጁም አያውቅም። በሕይወት ታሪኩ ላይ ለምን እንደሄዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይግባ ባይ ነኝ። ጃንሆይ በሰኔ 1928 ጄኔቭ ቆመው የተናገሩትን ያልሰማ የለም። የወረራው ጊዜ የመንግሥታቱ ማኅበር ዝም አለን፣ እኛ ግን ሌላው ሲወረር ዝም አንልም ነው ነገሩ። ያለዚህ ወጣቱ «አሜሪካ ልኳቸው ነው» ብሎ ነው የሚያስበው።

የቹንቾን ተማሪ፦

መጽናናትን እመኛለሁ ጋሼ። እኔ ኮሪያ ቹንቾን ከተማ ነው የምማረው። እዚህ በ1960 የተሠራ የቃኘው መታሰቢያ ሐውልት አለ፤ ሲመረቅ ጃንሆይ ራሳቸው ተገኝተዋል። አጠገቡ «ኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት አለ፣ ከዚያ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያን ቡና እያፈላ ይሸጣል። ከመንገዱ ማዶ በ1999 የተከፈተው የመታሰቢያ አዳራሽ ጣሪያው ጎጆ ቤት ሆኖ ነው የተሠራው። ትምህርት ቤት ልጆቹን እየሰበሰበ ያመጣቸዋል። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ከየት እንደመጣሁ ጠይቃኝ ስነግራት እጄን ይዛ ለብዙ ጊዜ አልለቀቀችኝም፣ ምን እንደምላት ጨነቀኝ።

የምጠይቅዎት ነገር አለ። ወታደሮቻችን ከደመወዛቸው እያዋጡ ዶንግዱቾን ላይ ለወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመው እንደነበር እዚህ ይነገራል። ሟቹ ስለዚህ አውርተው ያውቃሉ?

ጡረተኛው መምህር፦

ስለ ማሳደጊያው አላወሩኝም፣ ያ እነርሱ ከተመለሱ በኋላ የሆነ ሳይሆን አይቀርም። ስለ ልጆች ግን አንድ ነገር አለ። ከምሽግ ወርደው በሚያርፉበት ቦታ ልጆች የራት ትርፍ ሊለምኑ ቆርቆሮ ይዘው ይሰለፉ ነበር። ጋሼ እንዳሉኝ አባቴ ሰልፍ ውስጥ ቆሞ የራሱን ይቀበልና ዞር ብሎ ይሰጣል፣ ከዚያ ከጋሼ ላይ ይካፈላል። «አባትህ በእኔ ራት ነበር የሚጸድቀው» እያሉ ያሳቁኝ ነበር። እንዲህ ሲያወሩ ነው ደስ የሚሉት።

የካራማራ ልጅ፦

ሐዘናችሁ ሐዘኔ ነው። ግን አንድ ነገር ልናገር፣ ማንም እንዳይቀየመኝ።

የኮሪያ ዘማች ሲሞት ኮሪያ አለችለት። ኤምባሲ ያውቀዋል፣ አፍንጮ በር መታሰቢያ ፓርክ አለው፣ በየዓመቱ ይጠራል፣ ፎቶ ይነሳል። እሰየው፣ ይገባቸዋል። የእኔ አባት በ1969 ታጠቅ ሰልጥኖ ምሥራቅ ግንባር ዘመተ። ካራማራ የካቲት 26 ቀን 1970 ሲያዝ እዚያ ነበር። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን በለበሰው ልብስ ወደ ቤት መጣ። ከዚያ በኋላ እስኪያረጅ መጋዘን ጠበቀ። ለጡረታው የሄድንበት መሥሪያ ቤት «ማስረጃ አምጡ» እያለ ሲያመላልሰን ማስረጃው የነበረበት ክፍለ ጦር ራሱ የለም። ከእርሱ ጋር የዘመቱት እየሞቱ ነው፣ ማንም መጥቶ የሕይወት ታሪክ አይጽፍላቸውም። የሌላ አገር ሰው ሲያስታውሰን ነው እኛም የምናስታውሰው ማለት ነው?

ባለ ጥያቄ፦

ይኼ ክር የሐዘን ነው ወንድሜ፣ የማን ይበልጣል ውድድር አይደለም።

ጡረተኛው መምህር፦

ተወው ልጄ፣ ይናገር። ያለው ሁሉ እውነት ነው።

ግን የካራማራ ልጅ፣ ኮሪያም ሁልጊዜ አልነበረችላቸውም። በደርግ ጊዜ መንግሥት ወዳጅነቱ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ነው። «ኮሪያ ዘምቻለሁ» ማለት ከኮሚኒስት ጋር ተዋግቻለሁ ማለት ነው፣ ማን ያወራዋል? ጋሼ ሜዳሊያቸውን ሳጥን ውስጥ ከእናታቸው ነጠላ ሥር አድርገው ቆልፈው ነበር የኖሩት። ልጆቻቸው አባታቸው ዘማች መሆኑን በወጉ ያወቁት ካደጉ በኋላ ነው። ከአባቴ ጋር ሲገናኙ ስለ ኮሪያ የሚያወሩት እኛ ልጆቹ ስንወጣ ብቻ ነው።

ባለ ባቡር፦

ይኼን ካነሳችሁ አይቀር፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለው፣ የካራማራ በዓል የሚከበርበት የትግላችን ሐውልት የተሠራው በሰሜን ኮሪያ እርዳታ ነው። የአንዱን ዘማች የተዋጋው ለሌላው ዘማች ሐውልት ሠራ። የእኛ ታሪክ እንዲህ ነው የተጠላለፈው።

የፒያሳዋ፦

ስለ 1953 ልመለስበት ብዬ ነበር። እኔም የክብር ዘበኛ ልጅ ነኝ። አባቴ ሲታሰር እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ያን ጊዜ ቤታችን የመጡትን ሰዎች እናቴ እስክትሞት ድረስ በስም እየጠራች ትመርቃቸው ነበር። ሦስት ሰው ናቸው። ያልመጡትንም ታውቃቸዋለች፣ እነርሱን ግን በክፉ አታነሳም፣ ዝም ነው የምትለው። ጋሼ፣ እባክዎ ይጻፉት። አሁን የጃንሆይ መንግሥት የለም፣ የመንግሥቱ ንዋይ ወገን የለም፣ ማን ይቀየማል? ወታደር ጓደኛውን ጦር ሜዳ አይተወውም፣ እዚያ መተው ነውር ነው፣ አዛዥም አለ። ከተማ ውስጥ ሚስቱንና ልጁን አለመተው ግን ማንም አላዘዛቸውም።

ዲያቆን፦

በቤተ ክርስቲያን በኩል ላለው ልናገር። የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሰው ፀሐይ ላይ ወይም ድንኳን ውስጥ ታጭቆ ነው የሚሰማው። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ የሚሰማው የለም፣ ሴቶቹም ለቅሷቸውን ይቀጥላሉ። ስለዚህ መዝገብ ቤት የዘረዘራቸው ቁጥሮች ሁሉ አይግቡ። የ1953ቱን በተመለከተ ሁለቱንም ወገን አያለሁ። የመፈንቅለ መንግሥቱን ምክንያት ማብራራት ከጀመሩ ቤተሰቡ ትክክል ነው፣ የእርሳቸው ለቅሶ መሆኑ ይቀራል። የአባትዎም ታሪክ ሆኖ እንዳይወጣ ይጠንቀቁ። ጓደኛቸው ታስሮ ሳለ ቤተሰቡን ጠየቁ ማለት ግን ወንጌሉ ራሱ የሚለው ነው፣ ይኼ ፖለቲካ ከተባለ ማቴዎስ 25ንም ልናወጣው ነው።

የልጅ ልጅ፦

ረቂቁን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መምህር ክሩን ልከውልኝ ሁሉንም አነበብኩ።

253 የሚለውን የጻፍኩት ቀብሩ ላይ ስለ ተናደድኩ ነው። ሰንደቅ ዓላማውን ራሳችን ነን ገዝተን ሬሳ ሳጥኑ ላይ ያደረግነው። ከቀድሞ ጓደኞቻቸው መምጣት የቻሉት ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው፣ አንደኛው በተሽከርካሪ ወንበር። አንባቢው ማዕረጋቸውን እንኳ ተሳስቶ «አሥር አለቃ» አላቸው። ሰው ሁሉ ትልቅ ነገር እንዲሰማ ፈለግሁ።

የምስክር ወረቀታቸውን ትናንት ሳጥኑን ከፍተን አገኘነው። 1944 ዓ.ም. ነው የሚለው፣ መዝገብ ቤት እንዳሉት። የተባበሩት መንግሥታት ሜዳሊያም አለ፣ ሰማያዊና ነጭ ጥለት ያለው።

አንድ ነገር ደግሞ መምህር የማያውቁት ይመስለኛል። አያቴ ከጦሩ ከወጡ በኋላ ስልክ ሠራተኛ ሆነው ምሰሶ ላይ ነበር የኖሩት። ቤት ውስጥ ማንም ሽቦ እንዲነካ አይፈቅዱም። የብረት ምጣድ ገመድ ሲቆረጥ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከጠራን ይቆጣሉ። ዓይናቸው ከደከመ በኋላም ጨርሰው ሳያዩ በጣታቸው ብቻ ያጣምሩት ነበር። እኛ የሽማግሌ ግትርነት ነው ብለን እንስቅ ነበር። ሞባይል ከገዛንላቸው በኋላ ደግሞ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ነው «ሃሎ» የሚሉት፣ ትንሽ ዝም ብለው እንደገና «ሃሎ»። እርስዎ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት።

የ1953ቱ ላይ «ተው» ያሉት አጎቴ ናቸው። ዲያቆን ያሉትን አነበብኩላቸው። «እንግዲህ አጭር ይሁን» ብለዋል።

ጡረተኛው መምህር፦

እግዜር ያክብርህ ልጄ። የ«ሃሎ»ውን እኔም አልሰማሁም ነበር፣ ከእኔ ጋር ስልክ አያወሩም፣ እየመጡ ነው። ሁላችሁም ያላችሁትን ይዤ ያዘጋጀሁት ይኸው፣ ከስሙና ከቤተሰቡ ዝርዝር በስተቀር፦

«ሃምሳ አለቃ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ተቀጥረው በ1944 ዓ.ም. በሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ ከሚመራው ከሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ወደ ኮሪያ ዘመቱ። ኢትዮጵያ በተወረረች ጊዜ ዓለም ዝም ብሏት ነበርና፣ ሌላው ሲወረር ዝም አንልም ብላ የላከቻቸው ናቸው። የተመደቡት በመገናኛ ክፍል ሲሆን ሥራቸው በመድፍ የተበጠሰ የስልክ ሽቦ መጠገን ነበር። ሽቦ ጠጋኝ ብቻውን አይወጣም። አንዱ ሽቦውን በእጁ እያሳለፈ ይፈልጋል፣ ሌላው ይጠብቀዋል። ሃምሳ አለቃ ጠባቂው ነበሩ። በበረዶ፣ በጨለማ፣ ጓደኛቸው ሁለት እጁ ሥራ ላይ ሳለ ዙሪያውን የሚያዩት እርሳቸው ናቸው። ከመካከላቸው የተማረከ የለም፣ ሁለቱም ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከኮሪያ በኋላ በኮንጎ የሰላም ማስከበር ዘመቻ ተሳትፈዋል። ከዚያ ሲመለሱ ያ ጓደኛቸው በ1953ቱ ሁከት ምክንያት ታስሮ አገኙት። ቤቱ ሄዱ። እስኪፈታ ድረስ ከወታደር ደመወዛቸው እየከፈሉ ሚስቱንና ልጁን ጠበቁ፣ ልጁንም ትምህርት ቤት አስገቡ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ያ ልጅ ነው።

ከሠራዊቱ ከወጡ በኋላ በስልክ ሥራ ተሰማርተው ቤተሰባቸውን አስተዳድረዋል። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ተሸላሚ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቤታቸው ሽቦ ያስነኩት ሰው የለም።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ለቅሶ ላይ ታስቃለች ብላችሁ ከፈራችሁ ንገሩኝ። እኔ ግን ብትቀር ደስ አይለኝም።

የፒያሳዋ፦

ትቆይ! ለቅሶ ላይ ሰው መሳቅ አለበት። «ቤቱ ሄዱ» የምትለዋንም እንዳይነኩብኝ።

ባለ ጥያቄ፦

እሺ ይኼ ከ253ቱ ይሻላል። ጠባቂው ማን እንደሆነ አስቤው አላውቅም ነበር። የመጀመሪያውን ላይ ግን «በጀግንነት» የምትል ቃል አንድ ቦታ ብትገባ ምን አለበት?

መዝገብ ቤት፦

ሁለት ጥቃቅን ነገር ብቻ። አንደኛ፣ «ሃምሳ አለቃ በ1944 ዘመቱ» ሲባል ያኔ ሃምሳ አለቃ የነበሩ ያስመስላል፤ የልጅ ልጃቸው የምስክር ወረቀቱ ላይ ያለውን ማዕረግ ይመልከት። ሁለተኛ፣ የተማረከ የለም የሚለው ለመላው ጦር ስለሆነ «ከቃኘው ወታደሮች የተማረከ የለም» ይባል፣ አለበለዚያ የሁለቱ ብቻ ይመስላል። የወደቁትም አንድ ቃል ይነሱ፤ አጽማቸው ከኮሪያ መጥቶ ቅድስት ሥላሴ ነው ያረፈው፣ አርባውም እዚያ አካባቢ ከሆነ ሰው ወጣ ብሎ ሊያያቸው ይችላል።

የልጅ ልጅ፦

አየሁት፣ «ወታደር» ነው የሚለው። አሥር አለቃ የሆኑት ከኮሪያ መልስ፣ ሃምሳ አለቃ የሆኑት ከኮንጎ በኋላ ነው ትላለች እናቴ።

የካራማራ ልጅ፦

መምህር፣ ጥሩ አድርገው ጽፈውታል። ቅድም የተናገርኩትን በእርሳቸው ላይ አድርገው እንዳይወስዱብኝ። የእኔ አባት አለ፣ ይሰማል፣ ያወራል፣ ግን ስጠይቀው «ዘመትን፣ ተመለስን» ብሎ ነው የሚዘጋው። እርስዎ ሁለቱን እንዴት አድርገው ነው ያስወሩት? ዝርዝሩ የወጣው በምን ጥያቄ ነው?

ጡረተኛው መምህር፦

አባቴን አላስወራሁትም፣ አልተቻለም። ጋሼን ግን ስለ ጦርነቱ ጠይቄያቸው አላውቅም፣ ስለ ሥራው ነው የጠየቅኳቸው። ሽቦው ምን ያህል ይወፍራል፣ በምን ትልጡታላችሁ፣ በረዶ ላይ ስትተኙ ከሥር ምን ታነጥፋላችሁ፣ ስልኩ ይከብዳል ወይ። «ፈርተው ነበር?» ብትላቸው ዝም ይላሉ፣ «በምን ትልጡታላችሁ?» ስትላቸው «በጥርስ» ብለው ይጀምራሉ፣ ከዚያ እስኪመሽ አይቆሙም። አባትህ ምን ይዞ ነበር? መትረየስ ከሆነ ስንት ሰው እንደሚሸከመው ጠይቀው። ከእርሱ ጋር የዘመተ ሰው በሕይወት ካለ ደግሞ ሁለቱን አብረህ አስቀምጣቸውና አንተ ቡናውን ይዘህ ዳር ቁጭ በል፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያርመዋል፣ ወሬው የሚመጣው ያኔ ነው።

መዝገብ ቤት፣ ሦስቱንም አስገባለሁ። ባለ ጥያቄ፣ «በጀግንነት» የምትለዋን ለአንባቢው ትቼዋለሁ፣ ከፈለገ በድምፁ ያምጣት። ማዕረጉን ሃምሳ አለቃ ብሎ እንዲያነብ ግን በቀይ አሰምርበታለሁ። አዲስ አበባ ሆናችሁ መምጣት የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ ቦታውንና ሰዓቱን ቤተሰቡ ሲወስን እልክላችኋለሁ። የቹንቾን ተማሪ፣ የሐውልቱን ፎቶ በትልቁ ላኪልኝ፣ ከሜዳሊያው ጎን እናቆመዋለን።

የቹንቾን ተማሪ፦

ነገ ጠዋት ብርሃኑ ጥሩ ሲሆን ሄጄ አነሳዋለሁ ጋሼ። የአማርኛው ጽሑፍ ያለበትን ጎን ይፈልጋሉ ወይስ ሙሉውን?

ጡረተኛው መምህር፦

ሁለቱንም።